በደም ቧንቧ ላይ የሚጣፍ ጨርቅ፦ ሐኪሙ እጅ ከመግባቱ በፊት ምን ያልፋል?

ሁለት ጣትዎን ከጉሮሮዎ ጎን፣ ከመንጋጋዎ ዝቅ አድርገው ቢያሳርፉ ትር ትር የሚል ነገር ይሰማዎታል። ካሮቲድ የሚባለው ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው፤ ለአንጎል ደም የሚደርሰው በዋናነት በእሱ በኩል ነው። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ስኳርና የደም ግፊት ሲተባበሩበት በውስጠኛው ግድግዳው ላይ ስብና ካልሲየም እየተጋገረ ያጠበዋል። ከዚያ ላይ ቅንጣት ተሰብራ ወደ ላይ ከሄደች ስትሮክ ታመጣለች።

ጥበቱ ሲበዛ አንዱ መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ደሙን ለጊዜው ይዘጋል፣ ቧንቧውን በቁመቱ ይሰነጥቃል፣ የተጋገረውን ልጦ ያወጣል። ከዚያ መዝጋት አለበት። የተሰነጠቀውን ከንፈር ለከንፈር ገጥሞ ቢሰፋው ምን ይሆናል? ማንኛውም ልብስ ሰፊ መልሱን ያውቀዋል፤ ስፌት ጨርቅ ይበላል። ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ስፌቱ ከወሰደ፣ ለማስፋት የተከፈተው ቧንቧ ከበፊቱ ጠቦ ይዘጋል። ስለዚህ በስንጥቁ መሃል ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ የቅጠል ቅርጽ ያለው ቁራጭ ገብቶ ዙሪያውን ይሰፋል። ለዓመታት የተደረጉ ንጽጽሮች እንዳሳዩት፣ በዚህ መንገድ የተዘጋ ቧንቧ እንዲሁ ከተሰፋው ይልቅ መልሶ የመጥበብ ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ስትሮክም ይቀንሳል።

ሐኪሞቻችን ይህን ቁራጭ «ፓች» ይሉታል። እኔ መጣፊያ እለዋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ መጣፍ ነው፣ ችግሮቹም የመጣፍ ችግሮች ናቸው። የተማርኩት የጨርቅ ምሕንድስና ነው። ስለዚህ ነገር መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ የገረመኝም የሕክምናው ርቀት ሳይሆን፣ ጥያቄዎቹ ሁሉ ከሽመና ቤት የማውቃቸው መሆናቸው ነበር፦ ጠርዙ ይተረተራል ወይ? ውሃ ያሳልፋል ወይ? ሲለበስ ይለቃል ወይ?

መጣፊያው ከታማሚው እግር የተወሰደ ደም መላሽ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ከከብት የልብ ሽፋን ተዘጋጅቶ የሚመጣም አለ። እኔ የማወራው ሰው ሠራሽ ስለሆኑት ሁለቱ ነው። አንደኛው ዳክሮን ነው፤ ሸሚዝና የዝናብ ልብስ የሚሠራበት ፖሊስተር፣ በሽመና ወይም እንደ ሹራብ ተጠላልፎ የተሠራ። ሁለተኛው ፒቲኤፍኢ ነው፤ ምግብ የማይዘው መጥበሻ የሚቀባበት ቴፍሎን፣ ግን በሙቀት ተስቦ ተለጥጦ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉት ስስ ገበር እስኪሆን ድረስ።

ታሪኩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚጀምረው ከክር ነው። በ1947 ኒው ዮርክ ውስጥ አርተር ቮርሂስ የተባለ ወጣት ሐኪም በውሻ ልብ ውስጥ ተረስቶ የቀረ የሐር ክር አገኘ። ክሩ ራቁቱን አልነበረም፤ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን ለብሶ ነበር። ክር ይህን ከለበሰ ጨርቅስ? ብሎ ጠየቀ። በ1952 እሱና ባልደረቦቹ ቪንዮን ኤን ከተባለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሠሯቸውን ቧንቧዎች በውሾች ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳተሙ። በእነዚያው ዓመታት ሂውስተን ውስጥ ማይክል ደቤኪ የተባለ ቀዶ ሐኪም ናይሎን ሊገዛ ፎሊስ የተባለ ትልቅ መደብር ገባ። ናይሎን አልቆ ነበር፤ ሻጩ አዲስ መጥቶ የነበረውን ዳክሮን ሰጠው። ደቤኪ ከልጅነቱ ከእናቱ ስፌት ተምሮ ስለነበር ቤቱ ወስዶ በሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ቧንቧ አድርጎ ሰፋው።

ያ አጋጣሚ ስንት ሰው እንዳዳነ የታወቀው በኋላ ነው። ናይሎን ሰውነት ውስጥ ሲቆይ ጥንካሬውን እያጣ እንደሚሄድ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተደረሰበት፤ ዳክሮንና ቴፍሎን ግን ጸኑ። ናይሎን በዕለቱ መደርደሪያ ላይ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ደቤኪ ራሱ በ2006፣ በ97 ዓመቱ፣ የደረቱ ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ ተሰንጥቆ በዳክሮን ተጠገነለት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሯል።

የናይሎኑ ነገር ግን የዚህ ሁሉ ፍተሻ መነሻ ነው። መደብር ውስጥ ሁለቱን ጨርቆች በእጅ ቢጎትቷቸው አይለያዩም ነበር። ልዩነታቸው የተገለጠው ከወራት በኋላ፣ በሰውነት ውስጥ ነው። መጣፊያ የሚፈትሽ ሰው ሥራው ይህን ልዩነት ታማሚ ሳይነካ አስቀድሞ ማግኘት ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው ፍተሻው «ይቀደዳል ወይስ አይቀደድም» ነው ብሎ ነው። እስኪ እናስላው። ቧንቧ በውስጡ ግፊት ሲኖር ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ግፊቱ በቧንቧው ግማሽ ስፋት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ተጥፎ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሮቲድና 120 የሆነ የደም ግፊት እንውሰድ። ውጤቱ በእያንዳንዱ የአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ ወደ 65 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል ያህል ክብደት ማለት ነው። ግፊቱ 200 ቢደርስ እንኳ ከ110 ግራም አያልፍም። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዳክሮን ቁራጭ የዚህን ብዙ አሥር እጥፍ ተሸክሞ አይበጠስም። ጨርቁ መሃሉ ላይ ይቀደዳል የሚለው ፍርሃት እንግዲህ ከፍርሃቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው።

ከዚሁ ስሌት አንድ ሌላ ነገርም ይወጣል። መጣፊያው ሰፍቶ ቧንቧው 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጥረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ደሙም ሰፊው ቦታ ላይ ይዝላል፣ ይሽከረከራል፣ ይረጋል። ስለዚህ ሐኪሞች መጣፊያውን አጥብበው ይቆርጡታል። «ለማንኛውም ሰፋ ይበል» የሚለው የቤታችን ጥንቃቄ እዚህ አይሠራም።

ታዲያ ፍርሃቱ የት ነው? ጠርዙ ላይ። ጨርቁ ከክሩ፣ ከመርፌው ቀዳዳ፣ ከቧንቧው ግድግዳና ከደሙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ። ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧና መጣፊያ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚደነግግ አይኤስኦ 7198 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ በ1998 ሲወጣ ስለ ቧንቧ ብቻ ነበር፣ በ2016 ሲታደስ መጣፊያም ገባበት። ደረጃው ከሚያዛቸው ፍተሻዎች እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው የስፌት መያዝን ፍተሻ ነው።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። ከመጣፊያው ትንሽ አራት ማዕዘን ይቆረጣል። ከተቆረጠው ጠርዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ ሐኪሙ በሚጠቀምበት ዓይነት መርፌ አንድ የስፌት ክር ይተላለፍና ቀለበት ይሠራል። የጨርቁ ታችኛ ጫፍ በማሽኑ መንጋጋ ይያዛል፣ የክሩ ቀለበት በላይኛው መንጠቆ ይንጠለጠላል። ማሽኑ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይስባል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ጨርቁ ደግሞ ክሩ በያዘው ቦታ ላይ እንደ ድንኳን ጫፍ ይሾላል። ከዚያ አንድ ነገር ይሸነፋል። ምን እንደተሸነፈ በዓይን ካልታየ ቁጥሩ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ክሩ ራሱ ከተበጠሰ ጨርቁ አሸንፏል። ፒቲኤፍኢ ከሆነ ቀዳዳው ወደ ጠርዙ እየረዘመ ይሄድና እንደ ስስ ቆዳ ተሰንጥቆ ይለቃል። የሽመና ዳክሮን ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይቀደድ ይከዳል፦ ክሩ ማጎቹን አንድ በአንድ ከድሩ ውስጥ እያንሸራተተ ያወጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ሙሉ ነው፣ አንድም የተበጠሰ ክር የለም፤ ጠርዙ ግን እንደ ነጠላ ዘርፍ ተበትኗል።

ሸማኔ ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልገውም። ድርና ማግ የሚያያዙት በመተሻሸት ብቻ ነው፤ ጠርዙ ሲቆረጥ መጨረሻዎቹን ማጎች የሚይዛቸው የለም። እንደ ሹራብ የተጠላለፈው ዳክሮን በዚህ በኩል ይሻላል፤ እያንዳንዱ ቀለበት ጎረቤቱን ስለሚይዝ እንደ ልብ አይተረተርም። የሽመናውን ጠርዝ ለማዳን በትኩስ መቁረጫ የሚቆርጡ ሐኪሞች አሉ፤ ፖሊስተር በሙቀት ስለሚቀልጥ ጠርዙ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚህ የተነሳ አንድ መጣፊያ በድሩ አቅጣጫም፣ በማጉ አቅጣጫም፣ በሰያፍም ተቆርጦ መፈተሽ አለበት። ሐኪሙ ቅጠሉን ሲቆርጥ ጠርዙ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራልና በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የተገኘ ጥሩ ቁጥር አያድንም።

ልብ ማለት ያለብን ሌላም አለ። አንድ ስፌት በሁለት ሚሊ ሜትር ርቀት ከሚቀጥለው ቢቀመጥ፣ በደም ግፊት ብቻ የሚሸከመው ወደ 13 ግራም ነው። የሐኪሙ እጅ ግን ክሩን ሲያጠብቅ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የመጣፊያው ጠርዝ በዕድሜው ከሚያያቸው ጉተታዎች ሁሉ ከባዱ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የሚያየው ነው።

ቀጥሎ የውሃ ማሳለፍ ፍተሻ አለ። ጨርቁ እንደ ከበሮ ይወጠርና በ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ውሃ ይለቀቅበታል፤ በአንድ ደቂቃ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ ይለካል። ምንም ያልተቀባ የሹራብ ዳክሮን ከ1000 ሚሊ ሊትር በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን ያህል የሚያፈስ ጨርቅ ለምን ተሠራ ቢሉ፣ ቀዳዳዎቹ ጥቅም ስላላቸው ነው፤ የሰውነት ሕዋሳት በእነሱ በኩል ገብተው ጨርቁን ከአካባቢው ጋር ያዋህዱታል። ስለዚህ ድሮ ሐኪሞች ከመስፋታቸው በፊት ጨርቁን በታማሚው በራሱ ደም ይነክሩት ነበር፤ ደሙ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲረጋ ጨርቁ ይደፈናል። ዛሬ ፋብሪካው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከከብት በሚገኝ ኮላጅን ወይም ጄላቲን ነክሮ ይልከዋል፣ የሚያሳልፈውም ወደ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ሽፋኑ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት እየበላው ሲሄድ ቦታውን ሕዋሳት ይይዛሉ። ለኮላጅን ሲባል ፍተሻው በደረቅ ሳይሆን ጨርቁን በውሃ አርሶ፣ በሰውነት ሙቀት መደረግ አለበት፤ ደረቅ ኮላጅን እንደ ካርቶን ደርቆ የሚያሳየው ጠባይ ሲርስ የለም።

ፒቲኤፍኢ በዚህ ፍተሻ አይለካም። ውሃን ይጠላል፤ ቀዳዳዎቹ እያሉ ጠብታው ላዩ ላይ ይንከባለላል። ለእሱ የሚጠየቀው «በስንት ግፊት ላይ ነው ውሃው ገብቶ በሌላው ወገን መጀመሪያ የሚያልበው?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ፍተሻና እውነተኛ ቀዶ ሕክምና የሚለያዩት። ፒቲኤፍኢ በጨርቁ ገላ ደም አያሳልፍም፤ በመርፌው ቀዳዳ ግን ያሳልፋል። መርፌ ከሚጎትተው ክር ይወፍራል። ዳክሮን ላይ ክሮቹ ተገፋፍተው መርፌውን ያሳልፉና መልሰው ይጠጋጋሉ። ፒቲኤፍኢ ላይ የተበሳው ተበሳ፤ በክሩና በቀዳዳው ጠርዝ መካከል ክፍተት ይቀራል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ስለተሰጠ ከየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ደም ያልባል፣ ሐኪሙም ጋዝ ይዞ ይጠብቃል። በ2002 ከአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ የወጣ ጥናት 200 የካሮቲድ ቀዶ ሕክምናዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በፒቲኤፍኢ፣ ግማሾቹን በኮላጅን በተነከረ ዳክሮን ጣፈ። ደሙ እስኪቆም በፒቲኤፍኢው በአማካይ ወደ 14 ደቂቃ፣ በዳክሮኑ ወደ 3 ደቂቃ ተኩል ፈጀ። እስከዚህ ድረስ ዳክሮን የሚያሸንፍ ይመስላል። ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ደም ረግቶ ቧንቧቸው የተዘጋባቸው የተገኙት በዳክሮኑ ወገን ነበር።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ቆሜበታለሁ። ሁለቱም ለሐኪም የቀረቡ፣ የላብራቶሪ ፈተናቸውን ያለፉ ጨርቆች ናቸው። ደሙን በመርፌው ቀዳዳ ላይ ቶሎ የሚያቆመው ጠባይ፣ ማለትም ደም ሲነካው ለመርጋት የሚያነሳሳው፣ ከቧንቧው ውስጥ ሲሆን ጠላት ሊሆን ይችላል። መጣፊያ በአንድ ቁጥር አይመዘንም የምለው ለዚህ ነው። የኋላ ጥናቶች በተሻሻሉ፣ ስስ በሆኑ የሁለቱም ዓይነቶች ሲደረጉ ልዩነቱ ጠቧል፤ አምራቾቹ ያሻሻሉትም እንዲህ ዓይነት ውጤት በግልጽ ስለታተመ ነው።

ስለዚህ ደምና ጨርቅ አስቀድመው ይተዋወቁ ዘንድ ሌላ ፍተሻ ይደረጋል። ጤነኛ ሰው ትኩስ ደም ይሰጣል። ከጥቂት ቀናት ወዲህ አስፕሪን የወሰደ ሰው አይሆንም፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ደም አርጊ ቅንጣቶች በአስፕሪን ደንዝዘው ጨርቁ የሌለውን ጨዋነት ያለው ያስመስሉታልና። ደሙ ትንሽ ሄፓሪን ተጨምሮበት ጨርቁን ከያዘ ቱቦ ጋር ክብ ሠርቶ በሰውነት ሙቀት ይሽከረከራል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደሙ ውስጥ ስንት ፕሌትሌት እንደቀረ ይቆጠራል፤ የጎደለው ጨርቁ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው። ጨርቁም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል፦ ፕሌትሌቱ ክብ ሆኖ አርፎ ከተቀመጠ መልካም፣ እግር አውጥቶ እንደ ሸረሪት ከተንጠራራ ጨርቁ አስቆጥቶታል።

አሁን ወደ ድሮው የቤት ጥበብ ልመለስ። የነተበ ልብስ ላይ ድርቅ ያለ አዲስ ጨርቅ ብትጥፉ መጣፊያው አይቀደድም፤ የሚቀደደው ከጎኑ ያለው አሮጌው ነው። እናቶቻችን ለዚህ ነው ለመጣፊያ ለስለስ ያለ፣ የታጠበ እራፊ የሚፈልጉት። ደም ወሳጅ ቧንቧ በእያንዳንዱ ምት ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ዳክሮንም ፒቲኤፍኢም በዚህ መጠን አይለጠጡም። ስለዚህ በስፌቱ መስመር ላይ በየምቱ የሚንቀሳቀስ ግድግዳና የማይንቀሳቀስ ጨርቅ ይጎተታሉ። ቧንቧው ለዚህ ጭቅጭቅ የሚሰጠው መልስ ውስጠኛ ሽፋኑን ማወፈር ነው፤ ከወራት በኋላ ቧንቧው እንደገና ከሚጠብባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ፍተሻው ጨርቁን ተለዋዋጭ ግፊት ውስጥ አስገብቶ በየምቱ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይለካል። እስካሁን ድረስ ይህ የሰው ሠራሽ መጣፊያ ደካማ ጎን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥንካሬ ከበቂ በላይ አለን፣ ልስላሴ ግን ገና ነው። በከብት የልብ ሽፋን የሚጥፉ ሐኪሞች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ በእጅ ሲይዙትም ሲሰፉትም ለስላሳ ነው።

ከዚያ ጊዜ አለ። ልብ በደቂቃ 72 ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100 ሺህ በላይ፣ በ10 ዓመት ወደ 380 ሚሊዮን ምት ነው። በደም ቧንቧ ውስጥ ለሚቀመጡ ዕቃዎች የተለመደው የድካም ፍተሻ ዒላማ 400 ሚሊዮን ምት የሆነው ከዚህ ስሌት ተነስቶ ነው። አሥር ዓመት የሚጠብቅ ስለሌለ ማሽኑ ምቱን ያፋጥነዋል። በሰከንድ 30 ጊዜ ቢመታ ሥራው ወደ አምስት ወር ይወስዳል። በእነዚያ ወራት የተሰፋ ናሙና በ37 ዲግሪ የጨው ውሃ ውስጥ ሌት ተቀን እየተንቀጠቀጠ ይኖራል። በየጊዜው እየወጣ ክሩ ጨርቁን እንደ መጋዝ እየበላው እንደሆነ፣ ሹራቡ እየለቀቀ እንደሆነ ይታያል። የሹራብ ዳክሮን ክርኑ እንደላላ አሮጌ ሹራብ ቀስ በቀስ እየላላ የመሄድ ጠባይ አለው፤ ይህም በታማሚዎች ላይ ለዓመታት ታይቷል።

ግን መፋጠን የማይችል ነገር አለ። ምትን ማፋጠን ይቻላል፣ ኬሚስትሪን እንደዚያው ማፋጠን አይቻልም። ፖሊስተር በውሃ ውስጥ በዝግታ ይፈርሳል፣ እሱም የራሱን ዓመታት ይፈልጋል። ላብራቶሪዎች ሙቀት በመጨመር ይሞክራሉ፦ በግርድፉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እርጅናው እጥፍ ይፈጥናል ተብሎ ይታሰባል፤ በ25 ዲግሪ መጋዘን ውስጥ የሚያልፍ አንድ ዓመት በ55 ዲግሪ ወደ 46 ቀን ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለማሸጊያውና ለመደርደሪያ ዕድሜው ይሠራል። ነጭ የደም ሕዋሳት እየከበቡት ለሚኖር ጨርቅ ግን ግምት ብቻ ነው።

እንስሳትስ? በግና ውሻ ላይ ይሞከራል፤ መሞከሩም አስፈላጊ ነው። ሆኖም እንስሳት ከእኛ ይልቅ ለጨርቁ ደግ ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ከዳር እስከ ዳር አድጎ ጨርቁን ያለብሰዋል፣ እንደ ቮርሂስ የሐር ክር። በሰው ግን ይህ ሽፋን ከስፌቱ ጠርዝ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገብቶ ይቆማል፤ ከሰዎች ሰውነት በወጡ ሰው ሠራሽ ቧንቧዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በ1972 በግልጽ አሳትሟል። ለረጅም ቧንቧ ይህ መጥፎ ዜና ነበር። ለመጣፊያ ግን ደህና ዜና ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ከግራና ከቀኝ የሚያድገው ሽፋን መሃል ላይ ለመገናኘት ሩቅ መንገድ የለበትም። ለአንዱ የሠራ ፍተሻ ለሌላው ሲነበብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል የሚባለው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ከባዕድ ነገር ጋር የሚመጣውን ኢንፌክሽን በአጭሩ ልለፈው። በካሮቲድ መጣፊያ ላይ ብርቅ ነው፣ ሲከሰት ግን ከባድ ነው፤ ስታፊሎኮከስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ጨርቁ ላይ ቀጭን አተላ ጋርደው ስለሚቀመጡ መድኃኒት አይደርስባቸውም፣ ብዙ ጊዜ ጨርቁን ማውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከጀርም የማጽዳቱ ሂደት ራሱ ይፈተሻል። ማጽጃው ኢትሊን ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ከሆነም ጨርቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ይለካል፤ ጀርሙን የገደለው የታማሚውንም ሕዋስ ይገድላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለአንድ ተግባራዊ ጉዳይም ነው። በአገራችን በሕክምና መሣሪያ ግዢና በመጋዘን ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች የፍተሻ ሰነድ እጃችሁ ሲገባ አማካዩን ብቻ አትዩ። አማካይ ቁጥር ደካማውን ናሙና ከጠንካራው ጀርባ ይደብቃል። ታማሚው አማካዩን አይደለም የሚያገኘው፤ አንድ ቁራጭ ነው የሚያገኘው። ስንት ናሙና እንደተፈተሸ፣ ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ፣ ሲከዳ ምኑ እንደከዳ፣ ፍተሻው ከጀርም ከጸዳ በኋላ በእርጥቡ መደረጉን ጠይቁ። በልብ ቀዶ ሕክምና በልጆች ልብ ውስጥ ያለ ቀዳዳ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ጨርቆች ስለሆነ ጥያቄው ከካሮቲድ ያለፈ ነው።

ሌላው የተረፈ ቁራጭ ነገር ነው። መጣፊያ ውድ ነው፣ ሐኪሙ ከአንዱ ጥቅል ጥቂት ቆርጦ ሲጠቀም የተረፈውን መጣል ልብ ያቆስላል። ቆጥቦ፣ መልሶ በእንፋሎት አጽድቶ ለሌላ ታማሚ ማዋል የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ የሚያስበውም ሰው ክፉ አይደለም። ግን ከላይ ያወራናቸው ቁጥሮች ሁሉ የተለኩት አንድ ጊዜ፣ በፋብሪካው መንገድ በጸዳ ጨርቅ ላይ ነው። ኮላጅን በእንፋሎት ሙቀት ይኮማተራል፣ ጠባዩን ይለውጣል። ያ ቁራጭ ከዚያ በኋላ ማንም ፈትሾት የማያውቅ አዲስ ጨርቅ ነው። አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር አይደረግ።

በመጨረሻ አንድ ፍተሻ ይቀራል፣ እሱን የሚሠራው ታማሚው ራሱ ነው። ታማሚው በሌላ ምክንያት ዳግም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ወይም ሲሞት ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ የኖረው ጨርቅ ወጥቶ ይመረመራል። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ጄፕሮቫስ የተባለ ቡድን ለዚህ ሥራ ከተለያዩ ሆስፒታሎች የሚላኩለትን ይሰበስባል፤ ካናዳ ኩቤክ ውስጥም የሮበርት ጊድዋን ቡድን ለብዙ ዓመታት ይህን ሠርቷል። ጨርቁ ሲደርስ ጨርቅ አይመስልም፤ ሥጋ ወርሶታል። ሥጋውን ክሩን በማይነካ ፈሳሽ ቀስ ብለው ያሟሙታል። ሲጸዳ ያ ነጭ ፖሊስተር እንደገና ይወጣል፣ ከነመርፌው ቀዳዳዎች። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስገቡትና ክሮቹን ይቆጥራሉ፦ የትኛው ተበጥሷል፣ የት ላይ ተፈግፍጓል፣ ስፌቱ አጠገብ ነው ወይስ እጥፋቱ ላይ።